ወላጆች ደጃፉ ላይ የተቀመጡበት የካቲት

ጡረታ በወጣሁበት ሳምንት ባልደረቦቼ ትንሽ ግብዣ አድርገውልኝ ነበር። ከሁሉም በዕድሜ የምታንሰው መምህርት አጠገቤ ተቀመጠችና፣ ተረኛ ባልሆንኩበት ቀን እንኳ ጠዋት ጠዋት ክፍሌ በር ላይ የምቆመው ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከጋሼ ጃርሶ የወሰድኩት ልማድ ነው አልኳት። ጋሼ ጃርሶን አታውቃቸውም። ነገሌ ቦረናንም በስም ካልሆነ በቀር አታውቃትም። ልነግራት ስጀምር ንግግር አድራጊው ተነሣ፤ ወሬያችን እዚያው ላይ ቀረ። ያኔ ያልጨረስኩላትን ነው አሁን የምጽፈው።

የወታደር ልጅ ነኝ። አባቴ ሃምሳ አለቃ ስለነበር ጦሩ በሄደበት ሁሉ ስንከተል ነው ያደግነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ ምደባ ሲለጠፍ ከስሜ ፊት ለፊት ነገሌ የሚል አየሁ። ጓደኞቼ አዘኑልኝ። አባቴ ግን እዚያ ያለው ጦር ውስጥ የሚያውቃቸው ሰዎች ስለነበሩ፣ ሰው አታጪም ብሎ ሸኘኝ። ከክብረ መንግሥት ወዲያ ያለውን መንገድ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ሄድኩት። ጫካው አለቀ፤ ቀይ አፈርና ግራር መጣ፤ ከዚያ ከብት በመንገዱ ላይ እየበዛ፣ እየበዛ ሄዶ ከተማው ገባን።

ትምህርት ቤቱ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ጥቂት ክፍሎች ነበሩት፤ አጥሩ እሾህ ነው። በአንድ ወገኑ የጦር ሰፈሩ፣ በሌላው ወገኑ የከብት ገበያው ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ የጎጃም ወታደር ልጅ፣ የሐረር ነጋዴ ልጅ፣ የቦረና ልጅ፣ የሶማሌ ልጅ ትከሻ ለትከሻ ተጣበው ይቀመጣሉ። ዲሬክተራችን አቶ ሽፈራው የተባሉ፣ ከረባታቸውን በዚያ ሙቀት እንኳ የማይፈቱ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። ወንበር ሳልይዝ ወደ አንደኛ ክፍል ወሰዱኝና ለጋሼ ጃርሶ አስረከቡኝ።

ጋሼ ጃርሶ እዚያው ከነገሌ ወጣ ባለው በሊበን ገጠር ተወልደው ያደጉ ቦረና ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። ስሜን ሲሰሙ ደስ አላቸው። የዚያኑ ዕለት ማታ ለራት ቤታቸው ወስደውኝ ለባለቤታቸው ለእትዬ ሎኮ በኦሮምኛ ነገሯቸው፤ እሳቸውም እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ግራ ገብቶኝ ሳይ ጋሼ ጃርሶ ተረጎሙልኝ።

«በእኛ አገር ዝናብ ሲዘንብ የተወለደች ሴት ሮቤ ትባላለች። አንቺም ዘነበች ነሽ፤ ሮቤ ነሽ ማለት ነው። በቦና መሃል ዝናብ ይዛ የመጣችን ሰው ማን ይጠላል?»

ቦና የሚሉት ደረቁን ወቅት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለከተማው ግማሽ ሮቤ ሆኜ ቀረሁ።

ማስተማርን የተማርኩት ማሠልጠኛ ውስጥ ሳይሆን ከጋሼ ጃርሶ ክፍል ኋላ ተቀምጬ ነው። ጠዋት በር ላይ ይቆሙና እያንዳንዱን ልጅ በስሙ እየጠሩ፣ «አካም? ናጋ?» ብለው ደህንነቱን ይጠይቁታል። ጥጃዋ ታማበት የነበረውን ጥጃዋ ዳነች ወይ ብለው ይጠይቁታል። አርፍዶ የመጣውን ለምን አረፈድክ ብለው ጠይቀው አያውቁም፤ ውሃ ጠጥተህ መጥተሃል ወይ ነው የሚሉት። ከኋላ እንስራ ነበረቻቸው። ልጁ ይጠጣል፣ ይቀመጣል፣ ትምህርቱ ይቀጥላል።

ፊደል ሲያስተምሩ ከሀ አይጀምሩም። መጀመሪያ ልጁን የራሱን ስም ያስጽፉታል። ጉዮ የሚባለው ልጅ «ጉ»ን እና «ዮ»ን ካወቀ በኋላ ጎኑ የተቀመጠውን ልጅ ፊደል እንዲበደር ይልኩታል። እንዲህ እያሉ ፊደሉ ከወንበር ወንበር ይዞር ነበር። ገበታው የሚመጣው ልጆቹ ግማሹን ካወቁት በኋላ ነው። የመጨረሻው ልጅ ሳይጨርስ ሰሌዳ አያጠፉም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለቦረና ልጆች ነገሩን በኦሮምኛ ያስረዷቸዋል፤ ያኔ ይህ የተፈቀደ አልነበረም። ተቆጣጣሪ መጣ ከተባለ ዓረፍተ ነገሩን በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ሲጨርሱት ልጆቹ ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ይይዙ ነበር።

እኔን አማርኛ ብቻ ይዤ ስለመጣሁ አላሾፉብኝም። ከሰዓት በኋላ ከአንዱ ልጅ ቤት ወደ ሌላው ቤት ይዘውኝ እየዞሩ ይተረጉሙልኝ ነበር። ኩሌ የምትባለውን ልጅ ያገኘኋት እንዲህ ስንዞር ነው። አባቷ ኦቦ ጋልጋሎ ከብታቸው ብዙ፣ ንግግራቸው ጥቂት የሆነ ሰው ነበሩ። ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ምን ታደርጋለች ብለው ሁለት ጊዜ መልሰውናል። በሦስተኛው ጋሼ ጃርሶ ስለ ትምህርት አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ከሰውየው ጋር ኤላ ወደሚሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ወርደው ከብት ሲያጠጡ ዋሉ። በማግስቱ ኩሌ መጣች። ዓመቱ ሳያልቅ የክፍሉን ልጆች ስም በሙሉ መጻፍ የቻለችው እሷ ነበረች።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ።

የመምህር ደሞዝ ያኔም ትንሽ ነበር፤ መንገድ ሲበላሽም ይዘገያል። እኛስ ቢዘገይም ይደርሰናል። ግን ከመሃላችን መንግሥት ያልቀጠራቸው፣ ከወላጆች መዋጮ የሚከፈላቸው ነበሩ። አንዱ ሁቃ ነው። ሁቃ ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ ማስተማር የጀመረ፣ ቀልደኛ፣ ልጆች የሚወዱት ወጣት ነበር። መዋጮው በጠፋበት ወር ባዶ እጁን ያስተምራል። በሦስተኛ ዓመቴ ነፋስ የሁለት ክፍሎችን ቆርቆሮ ነቀለው። ልጆቹን ግራር ሥር አወጣናቸው። ማመልከቻ ጻፍን፤ አቶ ሽፈራው በእጃቸው ወስደው ሰጡ። በጀት የለም ተባልን። ደግመን ጻፍን፤ መልስ የለም።

በዚህ ጊዜ በጋሼ ጃርሶ ቤት ግቢ ውስጥ ተሰበሰብን። ቆርቆሮው እስኪመጣና የነሁቃ ነገር እስኪታይ ማስተማር እናቁም አልን። ጋሼ ጃርሶም ተስማሙ። በማግስቱ ክፍሎቹን ቆልፈን ቤታችን ገባን። የዚያን ጊዜ ስለ ሹሞቹ ብዙ ተወያይተናል፤ ምን ይሉ ይሆን፣ ምን እንመልሳለን ስንል አመሸን። ወላጆችን ግን ማናችንም አላሰብናቸውም።

ቦናው ገፍቶ ነበር። ከብት ሳር ፍለጋ ወደ ገናሌ ወንዝ እየወረደ ነው። በገበያ ቀን ከገጠር የመጣ ሰው በትምህርት ቤቱ በኩል ሲያልፍ የተቆለፈ በር አየ። መምህራኑ ጥለው ሄዱ ተባለ። ልጅ ያለው ልጁን ከከብቱ ጋር ይዞ ወረደ።

የትምህርት ኃላፊው ሲመጣ ማን እንደሰበሰበን ጠየቀ። እኛ እርስ በርስ ስንተያይ ጋሼ ጃርሶ ተነሡና፣ ግቢው የእኔ ነው፣ የሰበሰብኳቸውም እኔ ነኝ አሉ። አቶ ሽፈራው ሊለምኑላቸው ሞከሩ፤ ከረባታቸውን እየነካኩ ብዙ ተናገሩ። አልሆነም። ጋሼ ጃርሶ ራቅ ብሎ ወዳለው የሶማሌ ቆላ፣ ወደ ፊልቱ ተዛወሩ፣ ሁቃ ተሰናበተ፣ ሌሎቻችን ተገሥጸን ክፍላችን ገባን። እትዬ ሎኮ ከብቱንና የባላቸውን አሮጊት እናት ትተው መሄድ ስላልቻሉ ሊበን ቀሩ። ጋሼ ጃርሶ በጭነት መኪና ላይ ሆነው ሲሄዱ አጥሩ ጋ ቆሜ አየኋቸው። ስለ ራሳቸው ምንም አላሉም። ያሉኝ ይህን ብቻ ነው፤ «ኩሌን ፈልጊያት።»

አንደኛ ክፍል ስገባ ወንበሩ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነው። ከሁቃ ጋር በእግራችን ወጣን። እሱ ከሥራ ተባሯል፤ ግን እንሂድ ሳልለው መንገድ መሪ ሆኖ ቀደመኝ። ኦቦ ጋልጋሎን ከከብቶቻቸው ጋር ወንዙ አጠገብ አገኘናቸው። ወተት አስቀዱልን። ጠጥተን ስንጨርስ በሁቃ አስተርጓሚነት ተናገሩ።

«በሩ ተዘግቶ አየሁ። ማንም ምንም አልነገረኝም። እናንተ የጀመራችሁትን ስትተዉት ልጄን ለማን ትቼ ልሂድ?»

ልናስረዳቸው ሞከርን። ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ሁቃ ደሞዝ ነገርናቸው። ሁሉንም ሰምተው፣ ይህን ያኔ ብትነግሩኝ ኖሮ ከናንተ ጋር እቆም ነበር አሉ። ኩሌ አልተመለሰችም። በሚቀጥለው ዓመት ታጨች። ከዚያ ሜዳ ስንመለስ ሁቃ እንኳ አልቀለደም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ሲወሩ አጭር ናቸው፤ ሥራቸው ግን ረጅም ነበር። ሁቃ ልጆቹ ስለለመኑለት በመዋጮ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። እኔም ኦሮምኛ ተማርኩ፤ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ የከብት ቀለም፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወሬ። ገበያ ቀን ገበያ መሃል እንገኛለን። ውሃ የሚያድለው መኪና ሲመጣ ከወታደር ሚስቶች ጋር ባልዲ ይዤ እሰለፋለሁ። ማመልከቻ አናስፈርምም፤ የልጃቸውን ነገር እንነግራቸዋለን፣ የቤታቸውን ነገር ይነግሩናል። ከያቤሎና ከሌሎቹ ከተሞች መምህራን ጋርም የከብት መኪና ሲገኝ እየሄድን እንገናኝ ነበር። ጋሼ ጃርሶ ትምህርት ሲዘጋ ይመጡና ያደረግነውን ሁሉ ቁጭ ብለው ያዳምጡኛል። ምክር አይሰጡም፤ እንትናን አነጋገራችሁት ወይ ብቻ ይላሉ። ያላነጋገርነውን ሰው ሁልጊዜ ያገኙት ነበር።

ስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ገባ። ጥር ላይ ከአጥራችን ማዶ ያለው ጦር ስለ ምግቡና ስለ ውሃው ጥያቄ አንሥቶ መኮንኖቹን ያዘ ሲባል ከተማው ሁሉ ተንጫጫ። በዚያው ሰሞን አዲስ የትምህርት ዕቅድ ወጣ ተባለ። የድሃው ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ይቆማል፣ የመምህሩም ደሞዝ ይቀንሳል ተባለ። የካቲት ላይ በየከተማው መምህራን ሥራ ሊያቆሙ ነው የሚል መልእክት ደረሰን።

ሁቃ የመጀመሪያው ስብሰባችን ላይ ተነሥቶ፣ መጀመሪያ ወላጆች ጋ ካልሄድን እኔ የለሁበትም አለ። ማንም አልተከራከረውም። በገበያ ቀን ከብት ገበያው አጠገብ ግራር ሥር ሰው ጠራን። ከገጠርም ከሰፈርም መጣ። እኔ በአማርኛ ስናገር ሁቃ በኦሮምኛ ይመልሰዋል። ተናግሬ ሳልጨርስ የአንድ አሥር አለቃ ሚስት ከመሃል ተነሡ።

«እናንተ ደሞዝ ስለፈለጋችሁ የእኔ ልጅ ለምን ከትምህርት ይጎድላል?»

ስፈራው የነበረ ጥያቄ ነው። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከመለስኩላቸው ሁሉ ይህን አስታውሳለሁ፦

«ደሞዝ እንፈልጋለን፤ አልዋሽዎትም። ልጅዎን የሚያስተምረው ሁቃ ነው፤ ባለፈው ወር አልተከፈለውም፣ ግን አንድም ቀን አልቀረም። አሁን የመጣው ዕቅድ ደግሞ ልጅዎ አራተኛ ክፍል ላይ ይብቃው የሚል ነው። እኛ ዝም ብለን ብናስተምር የዛሬውን ትምህርት ያገኛል፤ የነገውን ያጣል። ከናንተ ተደብቀን አንዘጋም። እምቢ ካላችሁን ነገ ክፍል እንገባለን።»

ሴትዮዋ አሰቡና ተቀመጡ። ቀጥለው ኦቦ ጋልጋሎ ከኋላ ተነሡ። እንደሚመጡ አላወቅሁም ነበር። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ በሩ ሲዘጋ ልጆቹ የት ይውላሉ? ከእኛ ጋር ግቢ ውስጥ ይውላሉ፣ ሰሌዳ ላይ አንጽፍም እንጂ ቤታችን አንገባም አልናቸው። እንግዲያስ እኛም እንመጣለን አሉ።

መጡም። ጠዋት ልጆቹ እንደወትሮው መጡ፣ እኛም መጣን፣ ክፍሎቹ ተቆለፉ። ወላጆች ደጃፉ ላይ ተቀመጡ፤ ቦረናዎቹ ዱላቸውን አስደግፈው፣ የሰፈር እናቶች ልጅ አዝለው። ልጆቹ ኳስ ይጫወታሉ፣ ሁቃ ተረት ያወራል። አቶ ሽፈራው ከቢሯቸው ወጥተው፣ እኔ ዲሬክተር ነኝ፣ ከናንተ ጋር አልቆምም፣ ይህ ይታወቅልኝ አሉ። ከዚያ ተመልሰው ገቡና ከክፍል አንድ አግዳሚ ወንበር በራሳቸው ትከሻ ተሸክመው ብቅ አሉ። ሽማግሌ መሬት ላይ አይቀመጥም ብለው ደጃፉ ላይ አኖሩት። ሌላም አመጡ። ከረባታቸው ተጣሞ፣ ልብሳቸው አቧራ ለብሶ፣ እኩለ ቀን ድረስ ወንበር ሲያመላልሱ ዋሉ።

ኃላፊው በመኪና ሲመጣ በሩ ላይ መግቢያ አጣ። ወርዶ በቁጣ፣ ይህን ትምህርት ቤት ማን ነው የዘጋው አለ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ኦቦ ጋልጋሎ በዱላቸው መሬቱን ነካ አደረጉና ተነሡ። ሁቃ ተረጎመላቸው።

«ፊት እነሱ ዘግተውት ነበር። አልነገሩንም፤ እኔም ልጄን ወሰድኩ። አሁን ነግረውናል፤ ተመካክረናል። ስለዚህ የዘጋነው እኛ ነን። የምታዛውረው ሰው ከፈለግህ እኔን አዛውረኝ።»

የአሥር አለቃው ሚስት ሳቁ። ቀጥሎ ሌሎቹ ሳቁ። ኃላፊው አቶ ሽፈራውን ፈልጎ ቢያይ እሳቸው ወንበር ተሸክመው ቆመዋል። መልሶ መኪናው ውስጥ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከእኛ ከተማ በላይ ሆነ። ዕቅዱ ቆመ የሚለውን በሬዲዮ ሰማን። ለደሞዛችንም ትንሽ ተጨመረ። ክፍሎቹን ከፍተን የባከነውን ትምህርት በቅዳሜ እያካካስን አስተማርን። ከፋሲካ በኋላ ቆርቆሮ የጫነ መኪና መጣ። ሁቃ የመንግሥት ቅጥር ሆነ፤ የቅጥሩን ደብዳቤ አቶ ሽፈራው ሲሰጡት ወዲያው ሳይለቁለት እጃቸው ውስጥ ያዝ አድርገው፣ «ከእንግዲህ አርፍደህ ብትመጣ አልምርህም» አሉት። የጋሼ ጃርሶም ዝውውር ተነሣላቸው። ደብዳቤውን እኔ አደርሳለሁ ብዬ ስኳር የጫነ መኪና ላይ ተሳፍሬ ፊልቱ ሄድኩ።

ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍልና አንድ ዳስ ነበር። ጋሼ ጃርሶን ጸጉራቸው ሸብቶ፣ ሶማሌ ልጆች መሃል ቆመው አገኘኋቸው። «መዓሊን» ይሏቸዋል፤ መምህር ማለት ነው። ትምህርቱ እስኪያልቅ ከኋላ ተቀመጥኩ። ከዚያ የሆነውን ሁሉ፣ ደጃፉን፣ ወንበሮቹን፣ ኦቦ ጋልጋሎን ነገርኳቸው። የአቶ ሽፈራውን ሳሰማቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድላቸው ኩሌስ አሉኝ። አግብታ ሁለት ልጅ እንደወለደች፣ ወደ ትምህርት እንዳልተመለሰች ነገርኳቸው። ከዚያ ደብዳቤውን አውጥቼ ሰጠኋቸው።

ደብዳቤውን አንብበው አጠፉት።

«እነዚህን ልጆች ማን ይረከበኛል?»

ተተኪ እንዳልተመደበ አውቄ ነበር የሄድኩት። ላልነግራቸው አልቻልኩም። እንግዲያስ አልሄድም አሉ፤ በለሰለሰ ድምፅ፣ ነገሩ ያለቀለት ያህል። ዓመታት ሙሉ እትዬ ሎኮ ሊበን ላይ ብቻቸውን፣ እሳቸው እዚህ ብቻቸውን፣ እናታቸውንም ሳይቀብሩ የቀሩ ሰው ናቸው። ሳላስበው፣ እኔ እረከብዎታለሁ አልኩ።

«ሶማልኛ አታውቂም።»

«ነገሌ ስመጣም ኦሮምኛ አላውቅም ነበር፤ አንቱ አልነበሩም ያስተማሩኝ?»

ደብዳቤውን ኪሳቸው ከተቱት። ዝውውሩን በሥርዓቱ እስክንጨርስ፣ ከእኔ ጋር ክፍል እየገቡ፣ የልጆቹን ስምና የቤታቸውን ነገር አንድ በአንድ እየነገሩኝ ቆዩ። ጨርሰው ሲሄዱ ልጆቹ መኪናውን እስከ ከተማው ዳር ተከትለው ሮጡ።

ትምህርት ሲዘጋ ወደ ነገሌ ወጣሁ። ጋሼ ጃርሶ ይዘውኝ ሊበን ወረዱ። እትዬ ሎኮ እንግዳ ከመጣ የሚባለውን ሁሉ ካሉኝና ወተት ካጠጡኝ በኋላ እጄን ይዘው ከብቶቹ መሃል አስገቡኝ። አንዲት ቀይ ጊደር ጀርባ ላይ እጃቸውን አሳርፈው በኦሮምኛ ተናገሩ። ከእኛ ጋር ትቆያለች፣ የምትወልደውም ያንቺ ነው፣ ከእንግዲህ ከብት ያለሽ የዚህ አገር ሰው ነሽ አሉኝ። በሕይወቴ ከደሞዝ በቀር የእኔ የምለው ነገር ኖሮኝ አያውቅም ነበር።

ኦሮምኛው አንድም ሳይቀር ገብቶኛል። ጋሼ ጃርሶ ግን ወደ እኔ ዞረው፣ እንደ ድሮው፣ ቃል በቃል ይተረጉሙልኝ ጀመር። ዝም ብዬ እንዲተረጉሙልኝ ተውኳቸው።